ያልበላሁት ስኳር

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ ከመተኛቴ በፊት ጣቴን ወጋሁና ስኳሬን ለካሁ። 118። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እራት የበላሁት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ። ከዚያ ወዲህ ከውኃ በቀር ወደ አፌ የገባ ነገር የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ደግሜ ለካሁ። 151።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ የተዘጋ ሒሳብ ጠዋት 33 በልጦ ከተገኘ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። ወይ መዝጋቢው ተሳስቷል፣ ወይ ደረሰኝ የሌለው ገቢ አለ። እጄን በሳሙና ታጠብኩና ሌላ ጣት ወጋሁ። (ጣት ላይ የቀረች የብርቱካን ጭማቂ እንኳ ቁጥሩን ከፍ ልታደርገው እንደምትችል ያኔም አውቅ ነበር።) 149። መዝጋቢው አልተሳሳተም።

«ሌሊት ተነሥተህ የልጆቹን ዳቦ በልተሃል» አለች ባለቤቴ። እንደ ቀልድ ብትናገረውም ዓይኗ ወደ መሶቡ ሄዶ ነበር።

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ይሄ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም በእንቅልፍ ልቤ አድርጌው ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ደብተሬ አራት ዓምድ አለው፤ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የበላሁት፣ ምክንያት። የመጨረሻው ዓምድ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። በማግስቱም አደረግኩ። በዚያ ጾም ሃያ ሰባት የጥያቄ ምልክት ተሰልፎ ነበር።

በሽታው የታወቀልኝ ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ነው። ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ እየተነሣሁ ወደ መጸዳጃ ቤት እመላለስ ነበር፤ ስመለስ ደግሞ አንድ ጣሳ ውኃ እገለብጣለሁ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። በመሥሪያ ቤት «ሸንቀጥ ብለሃል» ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። በባዶ ሆድ ሲለካ 236 ሆነ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተገኘበት ሰው የስኳር ሕመምተኛ ይባላል፤ እንደኔ ምልክቱ በአደባባይ ለወጣበት ሰው ሁለተኛ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም።

ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነበር። ባለሙያው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስኳር አለብህ። ጣፋጭ አቁም። ይህን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ዋጥ» አለኝ። ወጣሁ። ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች ብዛት ስላየሁ አልፈርድበትም። ግን «ጣፋጭ አቁም» የሚለው ቃል ከክኒኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲያንቀኝ ኖሯል። እኔ ሻይ ያለ ስኳር የምጠጣ ሰው ነኝ። በሠርግ ኬክ ሲታደል ለልጆች የማሳልፍ ነኝ። ምኑን ነው የማቆመው?

ጥፋቱ የስሙ ይመስለኛል። በአማርኛ በሽታውን «ስኳር» ብለን ስለጠራነው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ስኳር ዕቃው ይወረውራል። ላቲኑም ከእኛ አልተሻለም፤ «ሜሊተስ» ማለት እንደ ማር የጣፈጠ ማለት ነው፤ ሽንቱን አይተው፣ የጥንቶቹ ሐኪሞችማ ቀምሰው፣ ያወጡለት ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም የያዘ በሽታ የያዘው ሰው ወዲያው ተከሳሽ ይሆናል። «ለስላሳ ታበዛ ነበር?» ይሉሃል። አልወድም ስትል «እንግዲያው ደንግጠህ ነው» ይላሉ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ አንድ ሳምንት ሳይሞላ የተወቀጠ ግራዋ በብርጭቆ ይዘው መጡ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጣፋጭ ከያዘህ መራራ ይፈታሃል። ጠጣሁላቸው። ለሁለት ቀን ምግብ ሁሉ ግራዋ ግራዋ አለኝ፤ ስኳሩ ግን ቅንጣት አልደነገጠም።

ሽንቱንና ጥሙን የተረዳሁት ቀድሜ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነበር። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ ማስቀረት ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቅቀዋል። ስኳር ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ውኃ አስከትሎ ነው የሚወጣው። ክረምቱን ሙሉ «ውኃ ስለማበዛ ነው የምሸናው» እያልኩ ለባለቤቴ ሳስረዳ የኖርኩት የተገላቢጦሽ ነበር። የጠማኝ ስለሸናሁ ነው።

የጠዋቱ 33 ግን አልለቀቀኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ማሽኔን ይዤ ተቀመጥኩ። የጤነኛ ሰው ደም በባዶ ሆድ በዴሲሊትር 90 ሚሊግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። አንድ ትልቅ ሰው ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል፣ ማለትም 50 ዴሲሊትር ነው። 90 ሲባዛ በ50፣ 4,500 ሚሊግራም። አራት ተኩል ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ! በመላ ሰውነት ውስጥ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየዞረ ያለው ስኳር ተሰብስቦ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይተርፍም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አባዛሁት።

ከዚያ ወጪውን አየሁ። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ስኳር ያቃጥላል። በሰዓት 5 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ የሚተካ ከሌለ፣ ሰው ተኝቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካዝናው ባዶ ይሆናል። ግን ሰው እንደዚያ አይሆንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ በሁዳዴም እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሳይበላ ይሠራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሒሳብ ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ያልተመዘገበ ገቢ አለ ማለት ነው። በእኔ ብቻ አይደለም፤ በሰው ሁሉ ሰውነት ውስጥ።

ያ ገቢ ጉበት ነው። ጉበት ከበላነው ምግብ የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ አሽጎ 100 ግራም ያህል ያስቀምጣል። ሌሊት፣ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ እያወጣ ይሰጣል። ክምችቱ ሲሳሳ ደግሞ ከፕሮቲን ስባሪ፣ ከስብ ፍርስራሽና ከጡንቻ ከሚመጣው ላክቲክ አሲድ አዲስ ስኳር ይሠራል። ጤነኛ ጉበት በሌሊት በሰዓት 8 ግራም ያህል ወደ ደም ይለቅቃል። ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በደሙ ውስጥ ሲፈስ ያድራል፤ ከምድር የተላቀቀ ባሕታዊ ቢሆንም።

ይህን ካወቅሁ በኋላም ነገሩ በዓይነ ሕሊናዬ የተሣለልኝ በሌላ ሰው አፍ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በመብራት ኃይል ሥራ የፈጁ ሰው ናቸው። ማታ ማታ አብረን በእግር እንሄዳለን። አንድ ቀን ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አቅጣጫ እየተራመድን ስለ ጨረጨራ ግድብ አጫወቱኝ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የሐይቁን መውጫ ለመቆጣጠር ነው፤ ታች ጢስ ዓባይ ላይ ያለው የኃይል ማመንጫ በጋ ላይ ውኃ እንዳያጣ። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል።

«ሐይቁ ክረምት የበላውን በጋ ይከፍላል» አሉኝ ምርኩዛቸውን ወደ ውኃው እያመለከቱ። «የእኛ ሥራ አከፋፈሉን መመጠን ነበር። በር የሚከፈተው ታች ያለው ሲጎድል ነው። ታች ሞልቶ ሳለ የሚከፍት ሰው ካለ ያ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ስልኩ አይሰማም።»

እዚያው ቆምኩ። ስልኩ አይሰማም! ጉበቴ ጣና ነው፤ ደሜ ዓባይ። ምግብ ሲገባ ክረምት ነው፣ ጉበት ይሞላል። ሌሊትና ጾም በጋ ነው፣ ጉበት ይከፍላል። ኢንሱሊን «ታች ሞልቷል፣ ዝጋ» የሚለው የስልክ ጥሪ ነው፤ ግሉካጎን የሚባለው ደግሞ «ጎድሏል፣ ክፈት» የሚለው። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላይ ኢንሱሊን አልጠፋም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲያውም ከጤነኛ ሰው ሊበልጥ ይችላል። ጥሪው ይጮኻል፤ በር ላይ ያለው ሰው አያነሣም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሰውነት ለመንቃት ሲሰናዳ ኮርቲሶልና ሌሎች ሆርሞኖች «ጌታው ሊነሣ ነው፣ ስንቅ አውጡ» ይላሉ። በጤነኛው ሰው ኢንሱሊን ትንሽ ከፍ ብሎ ነገሩን ልክ ያስይዘዋል። በእኔ ግን ስንቁ ወጥቶ ወጥቶ 151 ላይ ይደርሳል። ስጾም ደግሞ ጉበቴ ገና ድርቅ የመጣ ይመስለዋል።

ምሳሌው ያነክሳል፣ አውቃለሁ። ጣና ዝናብ ሲጠፋ ውኃ አይሠራም፤ ጉበት ግን ስኳር ይሠራል። ችግሩም በጉበት ብቻ አያበቃም፤ ጡንቻውም ሥቡም ጥሪውን መስማት ይሳናቸዋል፤ እየቆየ ደግሞ ጠሪው ራሱ ይደክማል። ቢሆንም ከዚያ ምሽት ጀምሮ ክኒኔን የምውጠው በሌላ ልብ ነው። ሜትፎርሚን የበላሁትን ስኳር ሆዴ ውስጥ የሚያቃጥልልኝ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ሥራው ጉበትን «ቀስ በል» ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆዴን ሲያገለባብጠው ለመተው አስቤ ነበር፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል፣ እየቆየም ይለመዳል። ምን እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አስቀድሜ እታገሠው ነበር።

ኢንሱሊን የሚወጣው ከቆሽት ነው። በአማርኛ ቆሽት የምትታወቀው በማረር ነው። «ቆሽቴ አረረ» ይላል ሰው፣ ልጁ ሲያስመርረው፣ ቢሮ ለቢሮ ሲያንከራትቱት። ይህች ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመች፣ 100 ግራም እንኳ የማትሞላ ሥጋ ለቁጭት መለኪያ የተመረጠችው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አባቶቻችን አነጣጥረው ነው የመቱት። በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ቆሽት በእውነት ታርራለች።

የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የ21 ዓመት ጀርመናዊ ተማሪ የቆሽትን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ከአካባቢያቸው የተለዩ ጥቃቅን ክምችቶች እዚህም እዚያም ተበትነው አገኘ። ለምን እንደሚጠቅሙ አላወቀም። በኋላ ሌሎች በስሙ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» አሏቸው። ከእነሱ የሚወጣው ሆርሞን ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው፤ «ኢንሱላ» በላቲን ደሴት ማለት ነው። ጣና ላይ ሠላሳ ሰባት ደሴት አለን እያልን እንኩራራለን፤ እያንዳንዳችን በሆዳችን አንድ ሚሊዮን ያህል ይዘን እንደምንዞር ማን ነገረን?

ደሴቶቹ ምን እንደሚሠሩ እስኪታወቅ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1889 ስትራስቡርግ ላይ ሁለት ሐኪሞች ቆሽቷ የወጣ ውሻ ስኳር እንደሚይዛት አዩ። ግን ማወቅና ማዳን ይለያያል። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ስኳር የያዘው ልጅ መድኃኒቱ ረሃብ ነበር፤ ቃል በቃል። አጥንቱ እስኪቆጠር ምግብ ይቀነስበታል፤ ጥቂት ወራት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል፤ ከዚያ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ ሌናርድ ቶምሰን፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ መግል አስቋጠረበት እንጂ ብዙም አልጠቀመው። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሰው አጣርቶት ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲደገም ግን ስኳሩ ወረደ። በማግስቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት መጣ፤ ለባንቲንግና የላቦራቶሪው ኃላፊ ለነበረው ፕሮፌሰር ማክላውድ ብቻ፤ ባንቲንግ ተቆጥቶ ድርሻውን ለቤስት አካፈለ። የባለቤትነት መብቱም ለዩኒቨርሲቲው በአንድ ዶላር ተሸጠ። ዛሬ የኢንሱሊንን ዋጋ እየከፈለ የሚኖር ሰው ይህቺን አንድ ዶላር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። የጻፍኩትን ሁሉ ብተወው ይህችን አልተውም።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስኳር ከያዛቸው አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ ክኒን ከእኔው ይለያል። ጉበትን አይለማመጥም፤ ቆሽትን ጨምቆ ኢንሱሊን ያስወጣል። ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠይቅም። አምና የስቅለት ዕለት አክስቴ ጠዋት ክኒናቸውን በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡና ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔም በኋላ ተከተልኳቸው። ቀኑ ያቃጥላል፤ ምእመኑ ከዋርካው ጥላ እስከ ውኃው ዳርቻ ድረስ ይሰግዳል። አክስቴ ደግሞ በዕድሜያቸው የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ስንት እንደሰገዱ በመቁጠሪያ ይቆጥራሉ።

8 ሰዓት አካባቢ ከሴቶች ወገን ግርግር ሰማሁ። ስደርስ አክስቴ ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስል በላብ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መቁጠሪያው ከጣታቸው ወድቆ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ቀና ብለው አዩኝና በሞተው አባቴ ስም ጠሩኝ። «በሬዎቹን አስገባሃቸው?» አሉኝ። አንዷ ሴት «ዓይነ ጥላ ነው» አለች። ሌላዋ ጠበል ትረጫለች። መለኪያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጣታቸውን ወጋሁ። 43። ጤነኛ ሰው ከ70 በታች ብዙም አይወርድም።

ሮጥኩ። ከበሩ ውጭ ካለች ሱቅ አንድ ሚሪንዳ ገዝቼ ተመለስኩ። ከፍቼ ወደ አፋቸው ሳስጠጋው አንድ የተከበሩ ሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የቆሙ፣ እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

«ምን ልታደርግ ነው? ስኳር እኮ ነው ያለባቸው! ልትገድላቸው ነው?»

ሁሉም ደገፋቸው። «እውነት ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ እኔም አውቃለሁ» አለች ጠበል የምትረጨዋ። በዚያ ዋርካ ሥር አክስቴን ከሞት ሊያወጣ የሚችለው ነገር እጄ ላይ ነበር፤ የበሽታው ስም ከለከለኝ። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ሰውየውን ገፍቼ (እስካሁን አፍርበታለሁ፤ በዕለተ ስቅለት፣ በቅጽሩ ውስጥ) አክስቴን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው። መዋጥ ስለሚችሉ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ያንቀዋል፤ እሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መዋጥ ለሚችል ግን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፤ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ሲወጣ ቁራሽ ዳቦ ማስከተል።

አሥራ አምስት ደቂቃው ረዘመ። ላባቸው መጀመሪያ ቆመ። ከዚያ መቁጠሪያቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ከዚያ ጠርሙሱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ በገዛ ስሜም ጠሩኝ።

«ልጄ፣ በስቅለት አስገደፍከኝ?»

88 ሆነው ነበር። ለማልቀስ ትንሽ ቀረኝ።

በኋላ ሳስበው በእሳቸው ላይ የዘመቱት ሦስት ነበሩ። ክኒኑ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ኢንሱሊኑ ጉበትን «ዝጋ» ይላል፤ ጉበትም ታዝዞ ይዘጋል፣ በበጋ መካከል። ስግደቱ ደግሞ ጡንቻቸውን አሠርቶታል፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ከደም ስኳር እየቀዳ ይወስዳል። የሚገባ ምግብ የለም። በአንድ የሻይ ማንኪያ ካዝና ላይ ሦስት ወጪ። ለሰውየው ይቅርታ ልጠይቃቸው ዳግም ትንሣኤ ዕለት ፈለግኳቸው፤ እሳቸው ቀድመው «ለካ ዝቅም ይላል?» አሉኝ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንኑ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሚታመመው ስኳር ሲወጣ ብቻ ይመስለዋል፤ ፈጥኖ የሚገድለው ግን መውረዱ ነው።

አክስቴ አሁን ክኒናቸው ተቀይሮላቸዋል፤ ሐኪማቸው ስለ ጾማቸው ሲጠይቋቸው በአሥር ዓመት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። የንስሐ አባታቸውም ለሕመምተኛ የማይቻል ሸክም እንደማይጫን ነግረው ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። አክስቴ ፈቃዱን የተቀበሉት እየተከራከሩ ነው። ቆሎና ሻይ ላይ ተስማሙ። የስግደቱን ቁጥር ግን ማንም አላስቀነሳቸውም።

ስለ ወፍራምና ስለ ሀብታም የሚባለውም ነገር ያው የስሙ ዓይነት ማሳሳት ነው። የአክስቴ ቤት የሚያርፍ አንድ ልጅ አለ፤ ከፎገራ በኩል ከገጠር ለክትትል የሚመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ። ለስላሳ የጠጣው ምናልባት በዓመት አንዴ ነው። ኢንሱሊን ይወጋል። ጎንደር አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ቀጫጭን የገጠር ሕመምተኞችን ካዩ ቆይተዋል፤ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ሳያጎለምስ ያስቀራታል የሚል ክርክርም የቆየ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለዚህ ዓይነቱ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ልጁ ስለ ክርክሩ አያውቅም። የሚያውቀው ቤቱ ማቀዝቀዣ እንደሌለ ነው። ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በትንሽ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ በሞላ ሌላ ሸክላ ውስጥ ቀብሮ ጓዳ ያኖረዋል፤ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውኃ ያጠጣል። እጄን አስገብቼ አይቻለሁ፤ በሚያዝያ ሙቀት ገንቦው ውስጥ የምንጭ ዳር ያህል ቀዝቃዛ ነው። «ላሟን ከማጠጣቴ በፊት እሱን ነው የማጠጣው» አለኝ።

እኔን በተመለከተ፣ ደብተሩ ጥቂት ነገር አስተምሮኛል። ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራ ከዳጉሳው ይልቅ ፈጥኖ ያወጣብኛል። የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ብቻውን በበላሁበት ቀን ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እግር ነው። ከእራት በኋላ በዘንባባዎቹ ሥር አድርጌ እስከ ሐይቁ ዳርና መልስ፣ አርባ ደቂቃ። አንድ ማታ 204 ሆኜ ወጥቼ 149 ሆኜ ተመለስኩ። አክስቴን የጣላቸው ያው የጡንቻ ሥራ እኔን ያነሣኛል። ጉበቴ ስልክ ባያነሣም እግሬ ስልክ አይጠብቅም። የሦስት ወሩ ምርመራዬ፣ ያ ቀይ የደም ሕዋስ በ120 ቀን ዕድሜው የለበሰውን ስኳር የሚቆጥረው፣ ከ8.9 ወደ 6.8 ወርዷል። ጎረቤቴ ጡረተኛው ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ጫማህን መዝግበው፤ ቋሚ ንብረት ነው» አሉኝ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የድሮውን ደብተር አወጣሁ። የንስሐ አባቴንም ሐኪሜንም አማክሬ እስከ 6 ሰዓት ነው የምጾመው። ጠዋት ለካሁ፤ 128። ከዚያ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እስክሪብቶ ይዤ ወደ ኋላ ገለጥኩና ሃያ ሰባቱን የጥያቄ ምልክቶች አንድ በአንድ እየሰረዝኩ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ላይ «ጉበት» ብዬ ሞላሁ። ጉበት፣ ጉበት፣ ጉበት፣ እስከ ገጹ ታች።

ባለቤቴ ሲኒውን ስታቀርብልኝ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«በሁዳዴ?» አለችኝ። «ያውም ሃያ ሰባት ቀን?»